«ዕረፊ» አትበሉን

ይድረስ ለጋዜጣው አዘጋጅ፣

ጤና ይስጥልኝ። ጋዜጣችሁ እኔ ጋ የሚደርሰው ሦስተኛ ፎቅ ያሉት ጎረቤቴ አንብበው ከጨረሱ በኋላ ነው። ስለዚህ ሁልጊዜ ሁለት ሦስት ቀን ከአገሩ ወሬ ወደኋላ ነኝ። ሰሞኑን ስለ ኮንዶሚኒየም ደረጃዎች የወጣውን አነበብኩ። ቆሻሻ ነው፣ አምፖል የለውም፣ ልጆች ይጮኹበታል ይላል። እውነት ነው። እኔም ስለ ደረጃ የምለው አለኝ፤ የኔ ግን የጽዳት ነገር አይደለም።

የምኖረው ጀሞ ነው፣ አራተኛ ፎቅ። ከመሬት እስከ በሬ 72 ደረጃ አለ። ዘጠኝ፣ መታጠፊያ፣ ዘጠኝ፤ እንዲህ እያለ አራት ጊዜ። የብሎኩን ሰው ስንት ደረጃ ነው ብላችሁ ብትጠይቁት አንዱም አያውቅም። ደረጃ የሚቆጥረው ትንፋሽ የሚያጥረው ሰው ነው።

63 ዓመቴ ነው። ከ1978 እስከ 2004 ዓ.ም. ሽሮ ሜዳ እንጀራ ጋግሬ ስሸጥ ኖርኩ። ለሁለት ምግብ ቤትና ለሰፈሩ ሰው፣ በቀን ከመቶ እስከ መቶ ሃምሳ እንጀራ። ማድቤቴ ቆርቆሮ ነበር፣ መስኮት የለውም። ማገዶዬ ከእንጦጦ የሚወርድ የባሕር ዛፍ ቅጠልና ጭራሮ ነው። የጋገረች ታውቀዋለች፤ ቅጠል ቶሎ ይነዳል፣ ምጣዱን እኩል ያሞቀዋል፣ ጭሱ ግን ዓይን ያጠፋል። አክንባሎውን ባነሣሁ ቁጥር ከላይ እንፋሎቱን፣ ከታች ጭሱን እየተቀበልኩ 26 ዓመት። ያን ጊዜ ጭስ በሽታ ነው ያለኝ የለም። እንዲያውም ጭስ የማይታይበት ቤት ነበር የሚታዘንለት። በኋላ ዙሪያው የተከለለው ምርጥ ምድጃ መጣ። ማገዶ በግማሽ ይቀንሳል ተባለ፤ እውነትም ይቀንሳል። እኔ ገዝቼ እስካስገባው ግን ሳምባዬ ሥራውን ጨርሶ ነበር።

ሲጀምረኝ የሽሮ ሜዳ ዳገት ነው ብዬ አለፍኩት። ቀጥሎ ብርድ ነው አልኩ። ጠዋት ጠዋት ሳል፣ ነጭ አክታ። ሦስት ጊዜ ለቲቢ አክታ ሰጠሁ፣ ሁለት ጊዜ ራጅ ተነሣሁ። ቲቢ የለም። ግን ቲቢ እንደሌለብሽ ለጎረቤት ማን ይንገርልሽ? አንዷ ጎረቤቴ ቡና በጠጣን ቁጥር የኔን ሲኒ ለብቻ ነበር የምታጥበው።

የ97 ተመዝጋቢ ነኝ። ዕጣው ወጥቶልኝ አራተኛ ፎቅ መሆኑን ሳይ እልል አልኩ። ከፍ ያለ ቤት፣ ጭስ የሌለበት፣ በኤሌክትሪክ ምጣድ የሚጋገርበት! ያኔ እንደምንም እወጣው ነበር። ክራንች የያዘ ሰው አራተኛ ፎቅ ቢደርሰው አገር ያዝንለታል። ሳምባ ግን አይታይም። እኔ ተቀምጬ ላየኝ ሰው ደህና ነኝ፤ እንዲያውም ወፍረሻል ይሉኛል።

ከአምስት ዓመት በፊት ነው አንድ ሆስፒታል በደንብ የታየሁት። ሐኪሙ መጀመሪያ የጠየቀኝ «እማማ፣ ሲጋራ ያጨሱ ነበር?» ብሎ ነው። በስመ አብ አልኩ። ቀጥሎ «በምን ነበር የሚያበስሉት?» አለኝ። እስከዚያ ቀን ያንን የጠየቀኝ ሐኪም አልነበረም። ስነግረው ዝም ብሎ ጻፈ።

ከዚያ ወደ አንድ ማሽን ወሰዱኝ። አፍንጫዬን በመቆንጠጫ ዘግተው ቱቦ አስነከሱኝ። ልጅቷ «ይሳቡ፣ ይሳቡ፣ አሁን ይንፉ! ይንፉ፣ ይንፉ፣ ይንፉ፣ አያቁሙ!» እያለች ትጮኻለች። ሠርግ ቤት ያለሁ መሰለኝ። ጤነኛ ሳምባ አየር ስቦ በኃይል ሲነፋ፣ ከሚወጣው አየር ቢያንስ 70 በመቶው በመጀመሪያዋ ሰከንድ ይወጣል አሉኝ። የኔ፣ መድኃኒት ሰጥተውኝ ደግሜ ነፍቼ እንኳ፣ 52 ነው። አየሩ መግባቱን ይገባል፤ መውጣቱ ነው ያቃተው። አሮጌው ሳይወጣ አዲሱ በየት በኩል ይግባ? ስሙን «ሲኦፒዲ» አሉኝ። አስም አይደለም፣ ቲቢ አይደለም፣ ወደ ሰው አይተላለፍም። «አይተላለፍም» የምትለዋን ወረቀት ላይ ጻፉልኝ ብዬ ለመንኳቸው። ሽሮ ሜዳ ሄጄ ለባለሲኒዋ ላሳያት ብዬ ነው።

ሰማያዊ ፓፍ፣ በአፍ የሚሳብ መድኃኒት፣ ተሰጠኝ። አጠቃቀሙን ግን ያሳየኝ አልነበረም። ሦስት ዓመት ሙሉ ምላሴ ላይ ስነፋው ኖርኩ። ምላሴ ቢሆን ኖሮ የታመመው፣ ድኖ ነበር።

ከዚያ ስወጣ የተነገረኝ ምክር አንድ ነው። «ከባድ ሥራ አይሥሩ። ይረፉ።» የነገረኝ ሰው ክፉ አይደለም፤ አዝኖልኝ ነው። ጎረቤትም ይህንኑ አለ። ልጄም ከዱባይ ስትደውል «እማዬ በቃ ዕረፊ» ትለኛለች። እኔ ታዛዥ ነኝ፣ ዐረፍኩ። ሦስት ዓመት ዐረፍኩ። ዕረፍቱ ምን እንዳደረገኝ ልንገራችሁ።

መጀመሪያ ገበያ ቀረ። ቀጥሎ ሊጥ ማቡካት ለሰው ተሰጠ። አንድ ቀን ጸጉሬን ልታጠብ እጄን ወደ ራሴ ባነሣ ትንፋሼ ቁርጥ አለ። ሰው በእግሩ ሲሄድ እንጂ እጁን ሲያነሣ ትንፋሽ ያጥረዋል እንዴ? ያጥረዋል ለካ። ለመተንፈስ የሚያግዙን የአንገትና የትከሻ ጡንቻዎች እጅ ሲነሣ ሌላ ሥራ ይያዝባቸዋል። ጎንበስ ብሎ ጫማ ማሰርም እንደዚያው ነው፤ ሆድ ወደ ላይ ይገፋል። ስለዚህ ማሰሪያ ያለው ጫማ ተውኩ። ሹሩባ ተውኩ፤ ጸጉሬን አሳጥሬ ሻሽ አሰርኩ። ታክሲ ደግሞ ፈራሁ። ረዳቱ «ማዘር ቶሎ በይ!» ሲል፣ እኔ አንድ እግሬን መኪናው ላይ አድርጌ ትንፋሼን ስጠብቅ፣ ከኋላ ያለው ሰው ሁሉ ሲያፈጥብኝ፣ ከዚያስ ቤቴ ይሻለኛል።

ከሁሉም የባሰው ለቅሶ ነው። ሽሮ ሜዳ አብራኝ ስትጋግር የኖረች ጓደኛዬ ስትሞት አልቀበርኳትም። 72 ደረጃ ወርጄ፣ ሁለት ታክሲ ይዤ፣ ያንን ዳገት ወጥቼ? አልሆነልኝም። የዕድሩ መቀጫ ብር ነው፣ ይከፈላል። «እትዬ የሺ ቀረች» መባሉ ነው የማይከፈለው። «ጤነኛ ናት እኮ፣ መስኮት ላይ ሆና ስልክ ስታወራ አይቻታለሁ» ያለችም አለች አሉ። አዎ፣ መስኮት ላይ ነበርኩ። እያለቀስኩ።

እንዲህ ሆኜ ነው የእህቴ ልጅ የመጣችው። ጎንደር ዩኒቨርሲቲ ፊዚዮቴራፒ ተምራ፣ ተመርቃ፣ ሥራ ልትፈልግ እኔ ጋ ዐረፈች። በሦስተኛው ቀን ፓፉን ምላሴ ላይ ስነፋ አይታ ራሷን ያዘች። ለቁራሌው ካጠራቀምኩት ውስጥ አንድ ግማሽ ሊትር ሃይላንድ አነሣች። በጋለ ቢላ ታችዋን ቀደደች፣ የፓፉን አፍ ልክክ አድርጋ ሰካችበት። እኔ በጠርሙሱ አንገት በኩል እስባለሁ። አንዴ ተነፍቶ ቀስ እያሉ አራት አምስት ጊዜ መሳብ ነው። በዚያች ማታ መድኃኒቱ ለመጀመሪያ ጊዜ ደረቴ የገባ መሰለኝ። ደቡብ አፍሪካ ውስጥ አስም ባለባቸው ልጆች ላይ ተሞክሮ ከፋብሪካው ዕቃ እንደማያንስ ታይቷል አለችኝ። ዋጋው አንድ ባዶ ሃይላንድ ነው። ይህቺን እንኳ መድኃኒቱን ሲሰጡ አብረው ቢያሳዩ ምናለ?

ቀጥላ የተናገረችው ግን መጀመሪያ አናደደኝ። «እትዬ፣ የደከመው ሳምባሽ ብቻ አይደለም። እግርሽ ነው።» አለችኝ። እንዴት ብላ አስረዳችኝ። ትንፋሽ ሲያጥርሽ ትቀመጫለሽ። ስትቀመጪ የጭንሽ ጡንቻ ይሟሽሻል። የሟሸሸ ጡንቻ ትንሽ ሠርቶ ብዙ አየር ይጠይቃል። አየር ደግሞ የለሽም። ስለዚህ ትፈሪያለሽ፣ ደግመሽ ትቀመጫለሽ። ሦስት ዓመት ያረፍኩት እንግዲህ ይህንን ስሠራ ነው።

ሐኪሜን አስፈቀደች። ልቤ ተመረመረ። (ይህን የምለው ሌላው ሰው ደብዳቤዬን አንብቦ ዘሎ እንዳይሮጥ ነው።) ከዚያ ስምንት ጥያቄ ያለበት ቅጽ አነበበችልኝ። ሳል፣ አክታ፣ የደረት መጨናነቅ፣ ዳገት ወይም አንድ ፎቅ ደረጃ መውጣት፣ የቤት ውስጥ ሥራ፣ ከቤት ለመውጣት ድፍረት፣ እንቅልፍ፣ ጉልበት። ለእያንዳንዱ ከዜሮ እስከ አምስት ይሰጣል። ጠቅላላው 40 ነው፤ እዚህ ላይ ብዙ ያመጣ ነው የሚወድቀው። እኔ 29 አመጣሁ። «ጥያቄው ደህና ነው፣ ዘጠነኛው ግን ጎድሎታል» አልኳት። «ምን?» አለች። «ለቅሶ ትደርሻለሽ ወይ?» ጻፍኩት ብላለች።

ከብሎኩ ጀርባ መኪና የሚቆምበት ሜዳ አለ። በገመድ 30 ሜትር ለካች፣ በሁለቱ ጫፍ ቢጫ ጀሪካን አቆመች። 6 ደቂቃ የቻልሽውን ያህል ሂጂ፣ ሲደክምሽ ቁሚ፣ ሰዓቱ ግን አይቆምም አለችኝ። በኮሮና ጊዜ ያወቅናትን ጣት ላይ የምትቆነጠጥ የኦክስጅን መለኪያ ተውሳ አድርጋልኛለች፤ ከ88 ከወረደች አቁሚ ትለኛለች። 215 ሜትር ሄድኩ፣ ሁለት ጊዜ ቆሜ። የሰፈር ልጅ ተሰበሰበ። አንዱ «እማማ፣ ለማራቶን ነው?» አለኝ። «ለአራተኛ ፎቅ» አልኩት።

በሳምንት ሦስት ቀን፣ ስምንት ሳምንት ሠራን። መሄድ። ከወንበር መነሣትና መቀመጥ፣ እጅ ሳይደገፉ። ውኃ የሞሉ ሃይላንዶች በሁለት እጅ ይዞ ወደ ላይ ማንሣት፤ በግማሽ ሊትር ጀምሬ አንድ ሊትር ደረስኩ። ከሁሉ የጠቀመኝ የአተነፋፈሱ ነው። በአፍንጫ መሳብ፣ ከዚያ ከንፈርን አሹሎ ትኩስ ሻይ እንደማብረድ ቀስ አድርጎ ማውጣት፤ ከሳቡበት ሁለት እጥፍ ጊዜ እየወሰዱ። ደረጃ ላይ ደግሞ እግር ሲነሣ ትንፋሽ ይወጣል። እኔ ለካ እስከዛሬ ትንፋሼን አፍኜ ነበር የምወጣው!

በስምንተኛው ሳምንት 268 ሜትር ሄድኩ፣ ሳልቆም። 30 ሜትር ያህል ከጨመረ በሽተኛው ራሱ ይታወቀዋል ይላሉ አለችኝ። ታውቆኛል። ቅጹን ስንሞላ 29 የነበረው 21 ሆነ። ማሽኑ ላይ ሄጄ ደግሜ ብነፋ ግን ያው 52 ነው። ሳምባዬ አልተሻለም፤ ተሻለኝ ብዬ ሰውን አላታልልም። ሳምባዬ ባለበት ሆኖ ጸጉሬን ራሴ እታጠባለሁ። ሊጤን ራሴ አቦካለሁ፣ ተቀምጬ። 72ቱን ደረጃ ስድስት ጊዜ ዐርፌ ነበር የምወጣው፣ አሁን ሁለት ጊዜ ነው። ትንፋሽ ያጥረኛል፤ እንደ ድሮው ግን አልደነግጥም። ምን እንደማደርገው አውቃለሁ።

አንድ ነገር ደግሞ አሳቀኝ። ሲያጥርሽ ወደፊት ዘንበል ብለሽ ክንድሽን የሆነ ነገር ላይ አስደግፊ፣ ያን ጊዜ ትከሻና ደረት ለመተንፈስ ብቻ ይሠራሉ አለችኝ። መቋሚያ ማለትሽ ነው አልኳት! ቅዳሴ ሙሉ መቋሚያ ተደግፈው የሚቆሙ አባቶች ይህንን ከኛ በፊት ያውቁት ኖሯል። አንድ ገዛሁ። ስግደት አልችልም፣ ዕጣኑ ስለሚያፍነኝ ከውጭ ቅጥሩ ጋ ነው የምቆመው፤ ቆሜ ግን አስቀድሳለሁ።

መጥፎ ቀን የለም አልልም። ክረምት ይከብደኛል። መብራት ሲጠፋ ኮሙናሉ ውስጥ በእንጨት ይጋገራል፣ ጭሱ ቀጥ ብሎ በመስኮቴ ነው የሚገባው። ጋጋሪዎቹን አልቆጣም፤ በምን አፌ? የሕዳር 12ቱ ጭስ ግን ይገርመኛል። ሕዳር ሲታጠን በ1911 ዓ.ም. አገሩን የጨረሰው፣ የሕዳር በሽታ የሚሉት ኢንፍሉዌንዛ መታሰቢያ ነው አይደል? ሳምባ ያጠፋ በሽታን እናባርር ብለን ያለንን ሳምባ እናጥናለን። በዚያ ቀን በርና መስኮቴን በእርጥብ ጨርቅ ደፍኜ ነው የምውለው። አዳማ ወንድሜ ጋ ስሄድ ደግሞ ሌላ ሰው ነኝ። አዳማ ከአዲስ አበባ ከ600 ሜትር በላይ ዝቅ ስለሚል አየሩ ወፍራም ነው። ሙቀቱን እንጂ መንገዱን አላማርርም።

እንግዲህ የምለምነውን ልበል። ፊዚዮቴራፒ ያለባቸው ሆስፒታሎች አሉን። ስትሮክ የመታው፣ ወገቡን የተጎዳ ይሄድባቸዋል፤ ይገባል። ትንፋሽ የሚያጥረንን ሰዎች ግን ወደዚያ ሂዱ የሚለን የለም። ጥቁር አንበሳ የሳምባ ስፔሻሊስቶችን ማሠልጠን ከጀመረ ከአሥር ዓመት በላይ ሆኖታል፤ በሽታውን የሚያውቅ ሐኪም አለ ማለት ነው። እኔ ያደረግሁት ነገር በሌላ አገር ለዚህ በሽታ እንደ መድኃኒት የሚታዘዝ ነው። የሚያስፈልገው አንድ ኮሪደር፣ አንድ ወንበር፣ አንድ ሰዓት፣ ያቺ የጣት መለኪያና አንድ የሠለጠነ ሰው ነው። በሳምንት ሁለት ጠዋት ቢከፈትልን ምን ይጎዳል? የሠለጠነውን ሰው እንደሆነ እኔ ቤት አለች፤ የትምህርት ማስረጃዋን ፎቶ ኮፒ ይዛ በየመሥሪያ ቤቱ ስትዞር ስምንት ወሯ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2021 ብቻ በዚህ በሽታ 3.5 ሚሊዮን ሰው ሞተ ይላል። ከ70 ዓመት በታች ሆነው ከሚሞቱት ውስጥ ከመቶ ዘጠና ያህሉ እንደኛ ባሉ አገሮች ነው ይላል። ሲጋራ ብቻ የሚመስለው ሰው እነዚህ ሁሉ ምን ሲያጨሱ ነው ብሎ ይጠይቅ። ከነሱ ስንቷ ምጣድ ሥር ነበረች?

ሁለተኛው ልመናዬ ለኮንዶሚኒየም ማኅበራት ነው። ሊፍት ሥሩ አላልኩም፤ ከየት ይመጣል? በየመታጠፊያው አንድ መቀመጫ። ሳንቃ ቢሆን፣ የተገነባ ብሎኬት ቢሆን። የኛን ማኅበር በስብሰባ ላይ ጠየቅሁ። «ጎረምሳ ጫት ይቅምበታል» ተባለና ታለፈ። መሀል ከተማ በኮሪደር ልማቱ ሰፋፊ የእግረኛ መንገድ ተሠርቷል፣ መቀመጫም አለው። ባለፈው ከአራት ኪሎ ወደ ፒያሳ ሁለቴ ብቻ ዐርፌ ሄድኩ፣ ደስ አለኝ። እዚያ የተቻለው ቤታችን ደረጃ ላይ እንዴት አቃተ?

ማኅበሩ እምቢ ሲል የራሴን በርጩማ አውርጄ ሁለተኛ ፎቅ መታጠፊያው ላይ አስቀመጥኩ። ሦስት ሳምንት ቆየች። እኔ ብቻ ሳልሆን ያረገዘችው ጎረቤቴም፣ ጋዜጣውን የሚያውሱኝ ሰውዬም ሲቀመጡባት አይቻለሁ። ባለፈው ማክሰኞ ስወርድ የለችም። ከብሎኩ ሰው ውጭ የወሰዳት አይመስለኝም። ያነበበ ካለ ይመልስልኝ፣ ማን ነህ ብዬ አልጠይቅም። አንዱ እግሯ በሽቦ የታሰረ ነው፤ ወደ ግራ ዘንበል ብላችሁ ካልተቀመጣችሁባት ትጥላችኋለች።

የሺ
ከጀሞ